ስልሳ አንደኛው ቀለሃ

ጋሽ በዛብህ ክሩን በምላሳቸው ጫፍ አርሰው ለሦስተኛ ጊዜ ወደ መርፌው ቀዳዳ ሲያስጠጉ ከመጋረጃው ወዲያ የልጃቸውን ድምፅ ሰሙ። ኑኃሚን ስልክ እያወራች ነበር። የሚሰፉት የራሳቸውን ሸሚዝ ነው፤ ከአንገቱ ሥር ያለው ሁለተኛው ቁልፍ ከላላ ሳምንት ሆኖታል። ገና ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው፤ ፀሐይዋ ግን የግቢውን ሲሚንቶ ማሞቅ ጀምራለች፣ የጎረቤት ድመትም ከበርሜሉ ጥላ ሥር ቦታዋን ይዛለች።

"አንድ ከጎደለ አለኝ እኮ መቶ አለቃው፣ ስምረት። አንድ!" አለች ኑኃሚን ለጓደኛዋ። "ትናንት ሁለት ጠፋ፣ ከትናንት ወዲያ ሦስት። ጠብመንጃው አርቆ ይተፋዋል፣ አሸዋው ይውጠዋል፣ እኔ በጉልበቴ እየዳሁ እፈልጋለሁ። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደግሞ የሰልጣኞች ፈተና ነው። ስልሳ ጥይት ወጥቶ ስልሳ ቀለሃ ካልተመለሰ ቁልፉን አስረክበሽ ስንቅ ክፍል ግቢ፤ ሴት ልጅ ስኳር ስትቆጥር ነው የሚያምርባት አለኝ። በሰው ፊት! ለማን ልንገር? አባዬማ ቢሰማ እንኳን ደስ አለሽ ነው የሚለኝ።" ሳቀች፤ ሳቋ ግን እስከ መጨረሻው አልደረሰም።

ክሩ በቀዳዳው ገባ። ጋሽ በዛብህ ግን መርፌውን እንደያዙ ቀሩ።

ኑኃሚን ከድሬዳዋ ወደ ቢዮ አዋሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ አንድ የጥበቃ ሠራተኞች ማሠልጠኛ የመሣሪያ ክፍል ጠባቂ ናት። ጥይት ቆጥራ ታወጣለች፣ ከተኩስ በኋላ የጥይቱን ባዶ ቅርፊት፣ ቀለሃውን፣ ቆጥራ ትረከባለች። ሥራውን የያዘች ዕለት ጋሽ በዛብህ ለባለቤታቸው ለወይዘሮ አስካለማርያም "ልጅ ያስተማርኩት ለጠብመንጃ ነው?" አሏቸው፤ ለልጃቸው ግን ምንም አላሏትም። ይኸው ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ሥራዋ አንድ ጥያቄ ጠይቀዋት አያውቁም። በመካከላቸው ቃል የሚያመላልሱት ወይዘሮ አስካለማርያም ነበሩ። "ለአባዬ ዛሬ አመሻለሁ በይልኝ።" "ለልጅሽ ጃንጥላ ትያዝ በያት።" ሦስቱም አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው እንኳ ነገሩ የሚያልፈው በእሳቸው በኩል ነው። አሁን ወይዘሮ አስካለማርያም የእህታቸውን ልጅ ሊያርሱ አዳማ ከሄዱ ሁለት ሳምንት ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ በዚህ ቤት የሚነገረው ስለ ጨውና ስለ በር ቁልፍ ብቻ ነው።

ኑኃሚን መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። ጫማዋ ተወልውሏል፣ ዓይኗ ሥር ግን እንቅልፍ ያጣ ሰው እብጠት አለ።

"ደህና ዋል አባዬ።"

"ቁልፍ ይዘሻል?"

"ይዣለሁ።"

በሩ ተዘጋ። ጋሽ በዛብህ ሸሚዙን እንደነበረው መልሰው ለበሱት፤ ቁልፉ እንደላላ፣ መርፌው ከነክሩ ደረታቸው ላይ እንደተሰካ። ስለ ጠብመንጃ የሚያውቁት ነገር የለም። የሚወድቅ ነገር መያዝ ግን ያውቃሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት በምድር ባቡር ወርክሾፕ የፉርጎ ወንበር ሲያለብሱ ኖረዋል፤ አንድ ጊዜ ደግሞ የትኬት ተቆጣጣሪዎቹ መብሻ የሚቆርጣት ክብ ወረቀት የአንደኛ ማዕረጉን ምንጣፍ እያቆሸሸች አለቃቸውን ሲያበሳጭ፣ መብሻው ሥር የምትንጠለጠል የጣት ያህል ከረጢት ሰፍተው ነበር። ተቆጣጣሪዎቹ በመጀመሪያ ሳቁ፤ በኋላ ከረጢቷን ያላንጠለጠለ ተቆጣጣሪ ዩኒፎርሙ የጎደለ ይመስለው ጀመር። ጋሽ በዛብህ ያቺን ከረጢት አስታወሱና ጎንበስ ብለው ከአልጋቸው ሥር ጥቅል ሸራ ሳቡ።

ሸራው የዕቃ ፉርጎ ልባስ ነው። ጡረታ ሲወጡ ከምስክር ወረቀት ጋር የተሰጣቸው ነው፤ አረንጓዴው ወደ አመድነት ደብዝዟል፣ ሽታው ግን ዛሬም ቅባትና ዝናብ ነው። ወይዘሮ አስካለማርያም ለግቢው ጥላ እንዲሆን ለምነዋል፤ ኑኃሚንም በእናቷ በኩል ሁለት ጊዜ ጠይቃለች። ጋሽ በዛብህ "አንድ ቀን ለቁም ነገር ይሆናል" እያሉ መልሰው ያንከባልሉታል። ቁም ነገሩ ምን እንደሆነ ራሳቸውም አያውቁትም ነበር። ሸራውን በብብታቸው ይዘው፣ መቀስና ሜትር በኪሳቸው ከተው፣ የደቻቱን ወንዝ ድልድይ ተሻግረው ወደ መጋላ ገበያ ወረዱ። የራሳቸው የስፌት መኪና ሸራ አይበሳም፤ የነጅሙዲን ይበሳል።

ነጅሙዲን አጎበርና መጋረጃ ሰፊ ነው። ሱቁ የሁለት ሰው ስፋት አላት፤ ግማሹን የያዘው አሮጌው የሸራ መኪና ነው። ደጃፉ ላይ እናቱ አዴ መሪያም ባጊያ ይጠብሳሉ፤ አንዱ ባጊያ አሥር ብር፣ በርበሬ በነጻ። ጋሽ በዛብህ የመጡበትን ነገር እየተግደረደሩ፣ የልጃቸውን ስም ሳይጠሩ፣ "አንድ ሰው" እያሉ ተናገሩ።

"አንድ ሰው ስትል ኑኃሚን ናት" አሉ አዴ መሪያም ከመጥበሻቸው ቀና ሳይሉ። "ድሬ ውስጥ በጉልበቷ እየዳኸች ቀለሃ የምትለቅም ሌላ ሰው አለች? አስካለ ነግራኛለች። ያንተ ጆሮ ብቻ ነው የዘገየው።"

"አቦ እናቴ ተዪው" አለ ነጅሙዲን። "ጋሼ፣ ይሄ ቀላል ነው። የሚበር ትንሽ ነገር መያዝ አይደል? ትንኝ ነው በለው። ለትንኝ ደግሞ ምን አለ? አጎበር! ቀላል ነው፣ ውስጡ ይታያል፣ ሸራህንም አትቆርጠውም።"

የመጨረሻው ቃል ጋሽ በዛብህን ደስ አሰኛቸው። ሸራውን ማዕዘን ላይ አቆሙት። የቀረው ልክ መውሰድ ነበር። ከሱቁ ፊት ለፊት የእህል መጋዘን አለ፤ ዘበኛው መሃድ በፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ ክላሹን ጭኑ ላይ አጋድሞ ሻይ ይጠጣል። ነጅሙዲን ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ መንገዱን ተሻገረ።

"ወሪያ መሃድ፣ ይህቺን ልጅ ልለካት ነው።"

"እጅህን አታስጠጋ" አለ መሃድ ብርጭቆውን ሳያስቀምጥ። "ሜትሩ ብቻ ይንካት።"

"ወገቧ ስንት ነው? ማሻ አላህ፣ ቀጭን ናት። ጋሼ ጻፍ! ደረቷስ? ሚዜዎቿ ስንት ናቸው?"

መሃድ ሳቁን ሊይዝ ሞክሮ ሻዩ ሱሪው ላይ ፈሰሰ። ከዚያ የምር ሰው ሆኖ ጠብመንጃውን ጥይት አልባ አደረገና ቀለሃው የሚወጣበትን መስኮት በጣቱ አሳየ። በቀኝ በኩል፣ ወደ ፊት አድርጎ ነው የሚተፋው። መቀርቀሪያው ወደ ኋላና ወደ ፊት ሲመላለስ እንዳይነካ ከዚህ እስከዚህ ነጻ ቦታ ያስፈልጋል። ጋሽ በዛብህ ቁጥሩን በሲጋራ ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ለወንበር ልባስ ልክ ሲጽፉ እንደሚያደርጉት ከእያንዳንዱ ቁጥር ሥር አንድ አጭር መስመር አሰመሩ።

ከተሰበረ ጃንጥላ ዘንግ ለአፉ ክብ ፍሬም ተጣመመ። ከአሮጌ ጂንስ የብረት ዚፕ ተፈትቶ ግርጌው ላይ ተሰፋ፤ ከልጅ ቦርሳ ቀበቶ ከነዘለበቱ መጣ። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ የአጎበሩ ከረጢት አለቀና እንደ ሙሽራ ቬሎ መስኮቱ ላይ ተሰቀለ። ጋሽ በዛብህ ግን ጨርቁን በጣታቸው ይፈትጉታል።

"ምን ጎደለው?" አለ ነጅሙዲን።

"ቀለሃ ትኩስ ነው?"

ሁለቱም ወደ መሃድ ዞሩ። መሃድ የግራ እጁን ገልብጦ አንጓው ላይ ያለች የምስር ፍሬ የምታህል ጠባሳ አሳየ። "እጅጌዬ ውስጥ ገብቶ ነው" አለ።

እንግዲህ መፈተን ነበረበት። ለመፈተኛ ደግሞ ቀለሃ ያስፈልጋል። ለመሃድ የተሰጡት ጥይቶች ሁሉም ያልተተኮሱ፣ ሁሉም በፊርማ ናቸው። በመጋላ ገበያ መሃል ማንም የማይጠየቅበት ባዶ ቀለሃ የት ይገኛል? ነጅሙዲን ድንገት ወደ እናቱ አየ። አዴ መሪያም ወዲያው ደረታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ፤ ከልብሳቸው ሥር፣ በክር የታሰረው የኩል መያዣቸው አለ። ከአያታቸው የወረሱት፣ ከአሮጌ የምንሽር ቀለሃ የተሠራ፣ በአጥንት ክዳን የሚዘጋ፣ አንገቱ ዙሪያ በጥፍር የሚዳሰስ ሐረግ የተቀረጸበት።

"አይደረግም" አሉ።

"አዴ፣ ባዶ ነው ብለሽ ትናንት ስትነጫነጪ አልነበር?"

"ባዶም ቢሆን የአያቴ ነው።"

ጋሽ በዛብህ አንድ እርምጃ ቀረብ አሉ። መለመን አያውቁበትም፤ ለመለመን ሲሞክሩ ድምፃቸው ይወፍራል። "መሪያም፣ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ከጎደለባት ቁልፉን ይቀሟታል። ስኳር ቁጠሪ ብሏታል። በሰው ፊት።"

አዴ መሪያም ትንሽ አዩአቸው። ከዚያ ክሩን ከአንገታቸው አወጡ። "ፀሐይ ሳትጠልቅ ይመለስልኝ ማለት አልፈልግም፣ ትደነብራለህ። ነገ ጠዋት ግን እዚህ ካልሆነ ባጊያ ከእኔ አትበላም።"

ክዳኑ ተነሥቶ ጋሽ በዛብህ ኪስ ውስጥ ገባ፤ ቀለሃው ከሰሉ ላይ ተቀመጠ። ባጊያ ገዢዎች ተሰብስበው ማየት ጀመሩ። ሲግል ነጅሙዲን በመቆንጠጫ አነሣውና ከፍ አድርጎ አጎበሩ ውስጥ ጣለው። ቀለሃው ከረጢቱ ውስጥ የሚቆይበት ምክንያት እንደሌለ ወዲያው ታወቀ፤ አጎበሩን ቂጡ ድረስ አቅልጦ አለፈና የነጅሙዲን ሽርጥ ላይ አረፈ። ነጅሙዲን በሱቁ ሁለት ሰው ስፋት ውስጥ የማይሆን ዝላይ ዘለለ። "ወላሂ ተቃጠልኩ! ሽርጤ! አዲስ ሽርጤ!" መሃድ ከመንገዱ ማዶ ወንበሩን ይዞ ሳቀ። አዴ መሪያም ደግሞ መሬት የወደቀውን ቀለሃ ከጢሱ መሃል እያዩ "አትርገጠው ብቻ" አሉ።

ጋሽ በዛብህ አልሳቁም። ማዕዘን ላይ የቆመውን ሸራ አንሥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። መቀሱ ጫፉ ላይ ሲደርስ እጃቸው ቆመ፤ እንደ መጽሐፍ ገጽ ጠርዙን ሁለት ጊዜ ዳበሱት። ከዚያ ቆረጡት። የመቀሱ ድምፅ እንደ ጠበቁት አልነበረም፤ የማንኛውም ጨርቅ ድምፅ ነው።

ከዚያ የነጅሙዲን መኪና ላይ ተቀመጡ። ጠርዙን ሁለት ጊዜ አጠፉት፣ ግርጌውን ለጥንካሬ ከውስጥ እንደ ኪስ አጥፈው ደረቡት፣ ፍሬሙንና ዚፑን ከአጎበሩ ፈትተው አስገቡበት፣ ቀበቶውን በአራት ማዕዘን ስፌት መቱት። ሁለተኛው ፈተና ላይ የጋለው ቀለሃ ሸራው ውስጥ "ጠብ" ብሎ ወደቀና ዝም አለ። ጢስ የለም። ነጅሙዲን እጁን ከሥር አድርጎ "ሙቀቱ እንኳ አይሰማም" ሊል ሲል የጁምዓ አዛን ተጀመረ። ሽርጡ ተበስቷል፣ መስጊድ መሄድ አለበት፣ ሱሪ ያስፈልገዋል፣ ሱቁ ይዘጋ፣ ከሰሉ ይነሣ፣ መጥበሻው ይሸፈን፤ በዚያ ግርግር ጋሽ በዛብህ ከረጢቱን ጠቅልለው በሸራው ትርፍ ቁራጭ አሰሩትና ባጃጅ ፍለጋ ወጡ። አንገቱ ሐረግ ያለበት ቀለሃ ከረጢቱ ግርጌ፣ በታጠፈው ኪስ ውስጥ መሆኑን ከሦስቱ አንዳቸውም አላስታወሱም።

የባጃጁ ሹፌር ዒሴ የሚሄዱበትን ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ። "የቢዮ አዋሌ መንገድ ነው ያሉኝ? ጋሼ፣ ይህቺ ባጃጅ ቁልቁለት እንጂ ዳገት አትወድም።"

"ስንት ቢከፈላት ትወዳለች?"

"ስድስት መቶ፣ ጠብቄ መመለስ ጭምር።"

"አምስት መቶ።"

"ይሁን፣ ግን ዳገቱ ላይ ከደከማት ወርደው ያጽናኗታል።" አንድ ጊዜ ብቻ ደከማት። ጋሽ በዛብህ ወርደው ገፉ፤ ስንት ዘመን ባቡር አልገፋሁም እያሉ፣ ለራሳቸው ብቻ።

ማሠልጠኛው ሽቦ አጥር፣ ሁለት የቆርቆሮ ቤት፣ ከኋላው አሸዋማ ሸለቆ ነው። በረኛው ሲጠራት ኑኃሚን እየሮጠች መጣች። አባቷን ስታይ ፊቷ ነጣ።

"አባዬ? እማዬ ምን ሆነች?"

"ምንም አልሆነችም። ደህና ናት።" ጥቅሉን በሁለት እጃቸው ዘረጉላት። "ይህ ለጠብመንጃው ነው። ቀለሃው እዚህ ውስጥ ይገባል። በቀኝ በኩል ነው የሚታሰር።"

ፈታችው። ፍሬሙን፣ ዚፑን፣ ቀበቶውን አየች፤ በመጨረሻ ጨርቁን አወቀችው። "ሸራውን ቀደድከው?"

"ቆረጥኩት እንጂ አልቀደድኩትም" አሉ ጋሽ በዛብህ።

ኑኃሚን የሸራውን ጠርዝ በጣቷ ዳበሰችው። በዚህ መሃል መቶ አለቃ ሰይፈ ሚካኤል ደረሰ። የማሠልጠኛው የተኩስ ኃላፊ ነው፤ ወጣትነቱን ሁርሶ ጦር ሰፈር ያሳለፈ፣ ድምፁ ሁልጊዜ ከሜዳው ወዲያ ማዶ ላለ ሰው የሚጣራ የሚመስል። ከረጢቱን በሁለት ጣቱ አንጠለጠለ።

"ምንድን ነው ይሄ? የጋሪ ፈረስ ቁርስ መያዣ?"

"የቀለሃ መያዣ ነው፣ መቶ አለቃ" አለች ኑኃሚን። "አባቴ የሰፉት ነው።"

"ወታደር ነበሩ?"

"የባቡር ወንበር ሰፊ" አሉ ጋሽ በዛብህ።

መቶ አለቃው ጨርቁን በአውራ ጣቱ ፈተገ፣ ስፌቱን ሳበ፣ አልላላለትም። ለፈተናው በተዘጋጀው ክላሽ ላይ በራሱ እጅ አሰረው፤ መቀርቀሪያውን አሥር ጊዜ ያህል አመላለሰ። ከረጢቱ አልነካውም። ይህ ሳያናድደው አልቀረም። "ጥሩ" አለ። "እንሞክረዋለን። ግን እስከ መጨረሻው ማንም አይከፍተውም። አሥራ ሁለት ሰው፣ አምስት አምስት ጥይት፣ በየተራ በዚህ አንድ መሣሪያ። ስልሳ ወጥቷል፣ ስልሳ እጠብቃለሁ።" ዚፑን በቀጭን ሽቦ አሰረና ጫፉን ጠመዘዘ። "ካነሰ የተነጋገርነው ይጸናል፣ ኑኃሚን።"

ጋሽ በዛብህን የተኩስ ሜዳውን ከሚለየው ገመድ ወዲህ ግራር ሥር አስቀመጧቸው። በመጀመሪያው ተኩስ ደነገጡና ባርኔጣቸው ወደቀ። ከሁለተኛው በኋላ ግን ጆሯቸው ሌላ ድምፅ መለየት ጀመረ፤ ከፍንዳታው ኋላ የምትከተል፣ ሸራ ላይ የምታርፍ፣ ትንሽ "ጠብ"። ኢላማውን ማየት ትተው እሷን ብቻ አዳመጡ። ልጃቸውንም አዩ። ኑኃሚን ከተኳሹ አጠገብ ቆማ ጥይቱን አምስት አምስት እያደረገች ትሰጣለች፣ መዝገቡ ላይ ትጽፋለች፣ ለመተኮስ የሚቸኩል ሰልጣኝ ሲመጣ ቀስ ብላ "ተንፍስ፣ ከዚያ ነው" ትላለች። አንድ ቁመናው እንደ በር የሆነ ሰልጣኝ እንደ ልጅ ታዘዛት። ጋሽ በዛብህ ይህቺን ሴት ከዚህ በፊት ያዩ አልመሰላቸውም።

ስልሳኛው ተተኮሰ። መቶ አለቃው ሽቦውን ፈታ፣ ከረጢቱን የቆርቆሮ ትሪ ላይ ገለበጠ፣ እጁን አስገብቶ ግርጌውን ጠራረገ። ሙቀቱ የዘጠኝ ሰዓት ተኩል የድሬዳዋ ሙቀት ነው፤ ላቡ ዓይኑ ውስጥ እየገባ በጣቶቹ ይጠርገዋል፣ ደግሞ ይቆጥራል። አሥር አሥር እያደረገ ደረደረ። አንድ ረድፍ። ሁለት። ሦስት። አሥራ ሁለቱ ሰልጣኞች አንገታቸውን አስግገዋል። አምስት። ስድስት ረድፍ ሞላ። ኑኃሚን የያዘችውን ትንፋሽ ልትለቅ ስትል መቶ አለቃው በመዳፉ የቀረውን አንድ ቀለሃ ላብ ባደበዘዘው ዓይኑ ሳያስተውል ትሪው ላይ አቆመው።

"ስልሳ አንድ" አለ።

ሰልጣኞቹ ወደ ኑኃሚን ዞሩ።

"የጎደለ ሲሆን አሸዋ በላው እላለሁ። የተረፈውን ምን ልበል? አንድ ጥይት ያለ መዝገብ ተተኮሰ ልበል? ኑኃሚን፣ ክፍልሽ ስንት ጥይት ነው ያለው?"

"ስልሳ ነው ያወጣሁት፣ መቶ አለቃ። እርስዎም ፈርመዋል።"

"ታዲያ ይሄ ወለደ?"

ጋሽ በዛብህ ከግራሩ ሥር ተነሡ። ቀለሃው ከሩቅ ይታያቸዋል፤ ከሌሎቹ በአንድ አንገት ይረዝማል፣ እንደ ሰልፍ አዛዥ ከስድስቱ ረድፍ ፊት ለፊት ቆሟል። ይህን ያህል ሰው ፊት ተናግረው አያውቁም፤ ጡረታ ሲወጡ እንኳ የምስጋናውን ንግግር ሌላ ሰው ነው ያደረገላቸው። ገመዱን ከፍ አድርገው በሥሩ አለፉ።

"እሱ ጥይት አይደለም" አሉ። ድምፃቸው ወፈረ። "የመሪያም ኩል ነው።"

"የማን ምን?"

"የአዴ መሪያም ኩል መያዣ። ሸራው ሙቀት ይችል እንደሆነ የፈተንኩበት። እኔ ነኝ የረሳሁት። አንገቱ ላይ ሐረግ አለ፣ ይዩት። ልጄ ትክክል ናት፤ ስልሳ ነው ያወጣችው፣ ስልሳ ነው የተመለሰው። ከግራሩ ሥር ሆኜ ስልሳውንም ሰምቻለሁ።"

መቶ አለቃው ቀለሃውን አንሥቶ አገላበጠ። ሐረጉን አየ። ከዚያ ጣቶቹን አየ፤ አምስቱም ጥቁር ናቸው። በከሰሉ ሙቀት ከግድግዳው የተላቀቀው የስንት ዓመት ኩል እጁ ላይ ተራግፏል፣ ከእጁ ደግሞ ላቡን በጠረገ ቁጥር ወደ ዓይኑ ሄዷል። ሰልጣኞቹ ይህን ካወቁ ቆይተዋል። መጀመሪያ የፈነዳው ያ እንደ በር የሆነው ሰልጣኝ ነው፤ ከዚያ አሥራ ሁለቱም። ኑኃሚን መዝገቡን ፊቷ ላይ አድርጋ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። መቶ አለቃው ስልኩን አወጣ፣ በጥቁሩ መስታወት ራሱን አየ፣ ረጅም ጊዜ አየ። ሁለቱ ዓይኖቹ በሠርጓ ዋዜማ እንዳለች ሙሽራ ተኩለዋል።

"ዝም በሉ!" አለ። ዝም አላሉም። "ዛሬ ሚስቴ ምን ትለኛለች?" አለ ደግሞ፣ በዚህ ጊዜ ድምፁ ሜዳውን አልተሻገረም። እሱም ሳቀ፤ እንዳይታይበት ጎንበስ ብሎ መዝገቡ ላይ ፈረመ። "ስልሳ። ሙሉ ነው። ቁልፉ አንቺ ጋ ይቆይ።" ትንሽ ቆይቶ፣ ትሪውን እያየ፣ "የስኳሩን ነገር በሰው ፊት ተናግሬዋለሁ። በሰው ፊት አንስቼዋለሁ" አለ። ወደ ጋሽ በዛብህ ዞረ፦ "ሌላ አምስት ይሰፉልናል?"

ጋሽ በዛብህ ቀሪውን ሸራ በልባቸው ለኩ። "ለአምስት ይበቃል" አሉ። "ዋጋውን ከመሣሪያ ክፍል ኃላፊዋ ጋር ተነጋገሩ።"

ዒሴ ባጃጁ ውስጥ ተኝቶ ጠበቃቸው። ኑኃሚን ሥራ ጨርሳ አብራቸው ተሳፈረች። ቁልቁለቱን ሲወርዱ ንፋሱ የጋሽ በዛብህን ሸሚዝ ባልተሰፋው ቁልፍ በኩል እየገባ ይነፋዋል። ከተማው፣ ከነቆርቆሮውና ከነሚናሬቶቹ፣ ከታች መታየት ሲጀምር ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ያ ሰውዬ ሁልጊዜ እንዲህ ይጮኻል?"

ኑኃሚን ዞር ብላ አየቻቸው። ከዚያ ጀመረች። ስለ መቶ አለቃው ነገረቻቸው፣ ሲቆጣ ስለሚያጣምመው ባርኔጣ፣ ተኩስ ፈርቶ ኢላማውን ትቶ ግራሩን ስለመታው ሰልጣኝ፣ ስለ ዘይቱ ሽታ፣ ስለ መዝገቡ። ድልድዩ ላይ ሲደርሱ ገና ከመጀመሪያው ዓመት አልወጣችም ነበር። ስልኳ ጮኸ፤ እናቷ ናቸው። "ደህና ነኝ እማዬ... አዎ፣ ሙሉ ነው። ሙሉ!... አባዬ ምን አለ? እኔንጃ፣ ራሱን ጠይቂው፣ ከጎኔ ነው" ብላ ስልኩን አቀበለቻቸው። ጋሽ በዛብህ ስልኩን ተቀብለው፣ "አስካለ፣ ቆይ፣ እየነገረችኝ ነው፣ አታቋርጪን" አሉና ዘጉት።

ቤት ሲገቡ ገና ብርሃን ነበር። ኑኃሚን እራት ልታቀርብ ወደ ጓዳ ገባች፤ ከዚያ ሆና አሁንም ታወራለች። ጋሽ በዛብህ በሩ አጠገብ ተቀምጠው ቀለሃውን በዘይት ባራሱት ጨርቅ ወለወሉት፣ ሐረጉ ውስጥ የገባውን ጥላሸት በመርፌ ጫፍ አንድ በአንድ አወጡ፣ ውስጡን አጥበው አደረቁት። የአጥንት ክዳኑ በዕለቱ ግርግር ኪሳቸው ውስጥ ጥግ ላይ ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁን በሙጫ አጣበቁና ዙሪያውን ከሸራው በተረፈች የጥፍር ስፋት ቁራጭ አጥብቀው ጠመጠሙት። ገጠሙት። ልክ ነው። አንዴ ነቅለው፣ አንዴ መልሰው፣ ለነገ ጠዋት መስኮቱ ጠርዝ ላይ አቆሙት።